እሺ፣ ደግሞ

እናቴ ልትሞት ሁለት ወር ያህል ሲቀራት፣ እኔ በእድር አዳራሽ ውስጥ ትልልቅ ሰዎችን በክብ አቁሜ የሌለ ኳስ አስወረውር ነበር። ይህን ስናገር ሰው በሆዱ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። ያኔ ደግሞ በአፉም ብሎኛል።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከመምህራን መካከል ለአንድ ሥልጠና ተመረጥሁ። የተመረጥሁት ጎበዝ ሆኜ አይደለም፤ ሌላው ሁሉ ሰበብ ስለነበረው ነው። ሥልጠናው ያለ ጽሑፍና ያለ ልምምድ፣ እዚያው በዚያው እየፈጠሩ ስለሚጫወቱት የቀልድ ድራማ ነበር። አሠልጣኙ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ወጣት፣ ሰው ከሰው በተራራቀበት ሰፈር ይህ ጨዋታ እንደሚያቀራርብ ነገረን። የጨዋታው የመጀመሪያ ሕግ አብሮህ የሚጫወተውን ሰው አለመቃወም ነው። ምንም ይበል ምን «እሺ፣ ደግሞ» ትልና በላዩ ትጨምርበታለህ። እሱ «ይህ በሬ ታሟል» ካለ፣ አንተ «እሺ፣ ደግሞ ትናንት ሲያለቅስ ውሏል» ትላለህ። ይህችን በደብተሬ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርሁባት። እኔ ቶሎ የማምን ሰው ነኝ። የምናደደውም እንደዚያው ቶሎ ነው።

በእኛ ሰፈር ያኔ ሰው በሩን ዘግቶ ነበር የሚኖረው። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል፤ ትምህርት ቤቱም ከመንገዱ ጋር ይከፈታል ይዘጋል። ሰው ለቀብር ካልሆነ አይገናኝም፤ ተገናኝቶም ብዙ አያወራም። ስለዚህ የእድሩን ሊቀመንበር ሄጄ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹን እንዲፈቅዱልኝ ስለምናቸው ስለ ሰፈሩ ነበር ያወራሁት። ያወራሁት እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አልነበረም። እኔ የፈለግሁት ሰፈሩን ሳይሆን አንዲት ሴት ነበር።

ሴትየዋ ከቤታችን አጥር ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን ናት። እሷና እናቴ አልቃሾች ነበሩ። በእኛ አካባቢ አልቃሽ ማለት ለቅሶ ቤት ቆማ፣ ስለ ሟቹ እዚያው ግጥም እየፈጠረች ሌላውን የምታስለቅስ ሴት ናት። ከሉማሜ፣ ከደብረ ኤልያስ ሳይቀር ሰው እየላከ ይወስዳቸው ነበር። አንደኛዋ የመጀመሪያውን ስንኝ ትሰጣለች፣ ሁለተኛዋ ተቀብላ ቤቱን ትመታለች፤ ቀጥሎ ተራው ይገለበጣል። ተመካክረው አያውቁም። አንድ ጊዜ በልጅነቴ «ምን እንደምትል እንዴት ታውቂያለሽ?» ብዬ እናቴን ስጠይቃት «ምኑን አውቀዋለሁ፣ ትሰጠኛለች እቀበላለሁ» ነበር ያለችኝ። ያ ቀጭን ወጣት አምስት ቀን ሙሉ ያስተማረኝን እነዚህ ሁለት ሴቶች ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩት ኖረዋል።

ጎረቤታችን ግማሽ አሳዳጊዬ ናት። እናቴ ገበያ ስትሄድ የምውለው እሷ ጓዳ ነበር፤ «አንቺ» ነበር የምላት፤ እሷም «ልጄ» ትለኝ ነበር። ከጠቡ በኋላ ግን መንገድ ላይ ስንገናኝ «እርስዎ» አልኋት። አክብሬያት አይደለም፤ ርቄያት ነው። እሷም ገብቷታል፤ ከዚያ ወዲህ ስትጠራኝ «መምህሯ» ነው የምትለኝ።

ጠቡ የመጣው በአንድ ቃል ነው። በአንድ ቃል እንኳ አይደለም፣ በአንድ ፊደል።

ባሏ ግንበኛ ነበር፤ ዝምተኛ፣ ካልጠሩት ከተቀመጠበት ደጃፍ የማይነሳ ሰው። ከስድስት ዓመት በፊት ሞተ። የሞተው በሳንባ በሽታ ነው። ይህን የሚያውቁት እሷና እናቴ ብቻ ነበሩ፤ ሐኪም ቤት የምታመላልሰው እናቴ ነበረችና። ሰው ጨጓራ ነው ተብሎ ነበር የሚያምነው። ጎረቤታችን የምትተዳደረው ጠላ በመሸጥ ስለሆነ፣ ሳል ያለበት ቤት ጣሳ ማን አፉ ላይ ያደርጋል? በቀብሩ ዕለት እናቴ በሚስትየዋ ቦታ ሆና እንዲህ ብላ አለቀሰች፦

«ለምሳም ለራትም እጠራህ ነበረ፣
ዛሬ ሳልጠራህ ሄድክ ልቤ ተሰበረ።»

ሰው አነባ። ደህና ግጥም ነው፤ የሰውየውን ጠባይ ይዟል። ነገር ግን «ሳልጠራህ» የምትለዋ ቃል «ራ»ዋ ላልታ ስትነገር «እኔ ሳልጠራህ» ነው፤ ጠብቃ ስትነገር ለሁለት ትሰበርና «ሳል ጠራህ» ትሆናለች። ሳል ጠርቶህ ሄድክ። ጎረቤታችን ጠብቃ ሰማቻት። ለቅሶዋን አቋርጣ፣ ደረቷን ስትመታበት የነበረውን እጇን አውርዳ እናቴን አየቻት። ከተቀመጡትም አንዳንዱ ሰምቷል መሰለኝ፣ በሳምንቱ ጠላ ቤቱ ጭር አለ። በወሩ ከደጃፏ እንጨት ላይ የተሰቀለውን ጣሳ አወረደችው። ከዚያ ወዲያ ጥጥ እየፈተለች ነው የኖረች።

«አላልቼዋለሁ» ትል ነበር እናቴ፤ «ጆሮዋ ነው ያጠበቀው።» እኔም አመንኋት። ማመን ብቻ ሳይሆን ጠበቃ ሆንሁላት። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ «ይቆያል» ማለት ነው እያልሁ ልጆች የማስተምር ሰው፣ በየለቅሶውና በየክርስትናው «ራ»ዋ በሰዋስው ሕግ እንደምትላላ ሳስረዳ ከረምሁ። አንዳንዶቹ እንዲያውም ቃሉን ያወቁት ከእኔ ነው። ይህን አሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

እናቴ የታመመችው ልቧ ደክሞ ሳንባዋ ውሃ ይዞ ነው። ሳል ጀመራት። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ተዘጋጂ አለኝ። የንስሐ አባቷ ደግሞ ከጎረቤትሽ ሳትታረቂ አላቆርብሽም አሏት። ሽማግሌ ተላከ፤ ሦስት ጊዜ። ሽማግሌዎቹ ሦስቱንም ጊዜ ደስ ብሏቸው ተመለሱ፤ «እሺ ብላለች» እያሉ። አንድም ቀን አልመጣችም። ያኔ ነው ያ ደብተሬ ትዝ ያለኝ። ማስታረቅ ካልተቻለ ማጫወት ይቻል ይሆናል አልሁ። ተስፋ የቆረጠ ሰው የማይሞክረው ነገር የለም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዎች መጡ። ሊቀመንበሩ ድንኳኑ እንዳይረገጥባቸው ሊጠብቁ፣ ሌላው ሊታዘብ። ሕጉን አስረዳሁና ሁለት ሰዎች አስነስቼ «እንግዲህ ሉማሜ ላይ አውቶቡስ ተበላሽቶባችኋል፤ እርስዎ ሹፌር ነዎት» አልኋቸው። «እሺ» አሉ አንዱ። ተቀመጡ።

«እሺ ብለው ይጫወቱ እንጂ!»

«እሺ አልሁሽ እኮ፣ ምን ልሁን ነው የምትዪኝ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። በእኛ አገር «እሺ» ምን እንደሆነ ያኔ ልረዳ ይገባኝ ነበር። ቀበሌ ሄደህ «እሺ» ከተባልህ ነገም ከነገ ወዲያም አይሆንም ማለት ነው። ልጅ ለመዳር ተጠይቆ አባት «እሺ» ካለ ሌላ ሴት ፈልግ ማለት ነው። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ስለዚህ እምቢታችንን ሁሉ «እሺ» ውስጥ እናስቀምጠዋለን። እኔ ግን ቃሏን ከሥልጠና አምጥቼ፣ እንደ አዲስ ቃል ለባለቤቶቹ ላስተምራቸው ቆሜ ነበር። «ደግሞ»ዋን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ያለ «ደግሞ» «እሺ» አይቆጠርም አልኋቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ተሟሟቀ። ሊቀመንበሩ በሬ ሆነው ለአርሶ አደሩ ቀንበሩ እንደማይስማማቸው በአቤቱታ መልክ ሲያቀርቡ፣ ከመሬት አስተዳደር የመጣ ሠራተኛ በሳቅ ሆዱን ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ያ ሰው ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ በሰፈራችን ሁለት ዓመት ሲኖር ማንም ስሙን ጠይቆት አያውቅም ነበር። በዚያው ዕለት ሊቀመንበሩ እድር አስገቡት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጎረቤታችን መጣች። የበሩ ጥግ ቆማ አየች። የሌለውን ኳስ ሲወራወሩ አንዱ ወረወረላት፤ ሰው ሳያስበው። እሷ ግን እንደ ኳስ አልተቀበለችም። እጇን ከሥር አስገብታ፣ ጭንቅላቱን ደግፋ ተቀበለችና «እሺ፣ ደግሞ ተርቦ ነው እንጂ እንዲህ አይጮኽም» አለች። ሕፃን ነበር የያዘችው። ሁላችንም አየነው። ቀጥላ ለሊቀመንበሩ አሳቀፈቻቸው፤ «አባቱ ይያዙት፣ እኔ ደክሞኛል!» ስትላቸው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ስቄም ወደ ውጭ ወጥቼ አለቀስሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያ አፍ ተዘግቶ ኖሯል።

ለእናቴ ነገርኋት። ከትራስ ላይ ቀና ብላ ሕፃኑን እንዴት እንደያዘችው በእጄ አስደረገችኝ። «እሷ እንደዚያ ናት» አለች፤ «ባዶ እጅ ብትሰጫት ሞልታ ነው የምትመልስልሽ።» ከዚያ ብዙ ሳለች። ሳሏ ሲበርድላት «እንድትመጣ አድርጊልኝ» አለችኝ። ከዚያ በፊት በቀጥታ ለምናኝ አታውቅም።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትሁት። በዚህ ጨዋታ ጭብጡ ከተመልካች ነው የሚመጣው፤ አስቀድሞ አይሰናዳም። እኔ ግን ቸኮልሁ። እናቴ ከቀን ቀን እየሟሸሸች ነበር፤ ቅዳሜዎቹን በጣቴ ስቆጥራቸው የሚበቁኝ አልመሰለኝም። በሰባተኛው ቅዳሜ ለሊቀመንበሩ አስቀድሜ «ጭብጥ ስጠይቅ፣ የታመመችና ልትጠይቃት የመጣች ብለው ይጥሩልኝ» አልኋቸው። ጠሩ። እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ተኛሁ፤ እሷን በእጄ ጋበዝኋት።

መጣች። «ቤቶች!» አለች። «ይግቡ» አልሁ። የሌለ ፔርሙዝ ከብብቷ አውጥታ፣ ክዳኑን አዙራ ከፍታ፣ የሌለ አጥሚት ቀዳች። እንፋሎቱን እፍ አለችው። አንገቴን ደግፋ በማንኪያ ታጎርሰኝ ጀመር፤ «አፍሽን ክፈቺ፣ ደግሞ ጣዕሙን እንዳታሚው፣ ስኳር የለም» እያለች። ሰው ይስቃል። የእጇ ሙቀት አንገቴ ላይ ነበር። ልጅ ሆኜ ስታመም የያዘኝ እጅ ነው። እዚያ ላይ ብተወው ኖሮ እያልሁ ስንት ቀን ራሴን ረግሜአለሁ። አልተውሁትም። የእናቴን ድምፅ አስመስዬ «ያን ቀን ያልሁሽ ነገር፣ እኔ እኮ አላልቼው ነበር» አልኋት።

ሳቁ ተቆረጠ። የሌለውን ማንኪያ በሌለው ፔርሙዝ ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። «እሺ» አለች። «ደግሞ» አላለችም።

በር ላይ ደርሼባት «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይምጡ፣ እትዬ፤ እናቴ ትጠብቅዎታለች» አልኋት። «እሺ» አለች፤ ፊቷ ደህና ነበር። እኔ ሞኝ፣ በሩጫ ቤቴ ገብቼ «ትመጣለች» አልኋት እናቴን።

እሑድ እናቴ አዲሱን ቀሚሴን አልብሽኝ አለች። ፀጉሯን ጎነጎንሁላት። ትራስ ደግፌ ከበሩ ትይዩ አስቀመጥኋት። የአጥሩ በር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ነጠላዋን ታስተካክላለች። አንድ ጊዜ ፍየል ነበረች፣ አንድ ጊዜ ነፋስ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ለሰንበቴ ወጥቶ፣ ከሰንበቴ ተመለሰ። የቤቱ ጥላ አጥሩን ሲያልፍ እናቴ ዞራ አየችኝ።

«ምን ብላ ነው እመጣለሁ ያለችሽ?»

«እሺ አለችኝ።»

«እሺ ብቻ?»

«እሺ ብቻ።»

ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት። «አይ ልጄ፣ አንቺ ነሽ የአማርኛ አስተማሪ?» አለች። ወደ አልጋው ስመልሳት ክብደት አልነበራትም። ካስተኛኋት በኋላ ዐይኗን ጣሪያው ላይ አድርጋ «አጥብቄዋለሁ» አለች።

ምን እንደምትል መጀመሪያ አልገባኝም።

«ያን ቃል። ከሆዴ ሲነሳ ላልቶ ነበር። ምላሴ ላይ ሲደርስ ሌላው ታየኝ። እንዲያ ያለ ቃል በዕድሜ ሁለቴ አይመጣም። አማረኝ፤ አጠበቅሁት። ማንን እንደሚወጋ ያየሁት ከወጣ በኋላ ነው።»

ተናደድሁ። እናቴ እየሞተች እኔ ተናደድሁ፤ አልደብቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ በሰዋስው ስምልላት፣ ያቺን ሴትዮ መስማት የማትችል አድርጌ ሳወራባት! «አሁኑኑ ሄጄ እነግራታለሁ» አልኋት።

«አትነግሪያትም። በአፌ ነው ያዋረድኋት፣ በአፌ ነው የምነግራት። በሰው አፍ ከተላከማ ይቅርታ አይደለም፣ ወሬ ነው። በይ ማይልኝ።»

ማልሁላት። ከዚያ ወጥቼ የታጠበ ድስት እንደገና አጠብሁ።

እንግዲህ ቀሪው አንድ መንገድ ነበር፤ እናቴ በሕይወት ሳለች ጎረቤታችንን አምጥቶ አልጋው አጠገብ ማድረስ። በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ በአጥር ላይ ጠራኋት፤ ሁለቴም «እሺ» አለች። ሐሙስ ጠዋት የእናቴ ትንፋሽ ተቆራረጠ። ቄሱን አስጠራሁና ነጠላ እንኳ ሳልደርብ ወደ ጎረቤት ሮጥሁ። ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅም ነበር።

«ልትሄድብኝ ነው» አልኋት። «ነይ፤ አሁን ነይ። የምትነግርሽ ነገር አላት።»

«አንቺ» ማለቴን የሰማሁት ካልሁት በኋላ ነው። እሷ ቀና ብላ አየችኝ። እጇ ምስሩ ውስጥ እንደነበረ ነው።

«እሺ» አለች።

«እሺሽን እዚያው ያዥው!» ብዬ ጮኼባት ተመለስሁ። በሕይወቴ ለትልቅ ሰው እንዲያ ተናግሬ አላውቅም። እናቴ ስገባ ከኋላዬ ያለውን በር አየች። ከዚያ እኔን አየች።

«እሺ አለች» አልኋት። ሌላ ምን እላታለሁ? ያለችው ይህን ነው።

«እንግዲያው ተያት» አለች እናቴ፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው መለሰች። ቄሱ ሊደግሙ መጽሐፋቸውን ገለጡ። ብዙም አልቆየችም። ሩብ ሰዓት ይሁን ከዚያ የሚበልጥ አላውቅም፤ እጇን ይዤ ነበርና እጄ ውስጥ ሲለወጥ ተሰማኝ።

እየጮኽሁ ወደ ግቢው ስወጣ ጎረቤታችን በአጥሩ በር እየገባች ነበር። ፀጉሯን በሻሽ አስራለች፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳለች፤ በብብቷ ፔርሙዝ ይዛለች። እውነተኛ ፔርሙዝ። ጩኸቴን ስትሰማ እዚያው ቆመች። «ባዶ እጄን ከምመጣ ብዬ» አለች፤ «አጥሚቱ አልፈላ ብሎኝ…» ፔርሙዙን ከእጇ ስቀበላት ትኩስ ነበር። ያን ሁሉ «እሺ» ስትል አንዷ እውነት እንደነበረች፣ ያቺንም እኔና እናቴ ተጋግዘን እምቢታ እንዳደረግናት ያኔ ገባኝ። ፔርሙዙን ይዤ የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኝ ግቢው መካከል ስዞር ሰው ሞላ።

ሊቀመንበሩ ድንኳኑን ከአዳራሹ አስመጡ። አግዳሚ ወንበሮቹም እኛ የተጫወትንባቸው ናቸው። እኔ የታመመች ሆኜ የተኛሁበትን አውቄዋለሁ፤ አንድ እግሩ አጭር ነው። ሰው ሁሉ ጎረቤታችንን ይመለከት ነበር። ሌላ አልቃሽ ልትነሳ ስትል ሴቶቹ ያዟት። ጎረቤታችን ተነሳች። ነጠላዋን አደግድጋ፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከዚያ ሰጠች፦

«አጥሚቱን አፍልቼ ስገባ በደጅሽ፣
ሳልመጣ ሄድሽብኝ ማን ይሆን የጠራሽ።»

አዛውንቶቹ ሁሉ ቀና አሉ። ቃሉን አወቁት። «ሳልመጣ» ስትጠብቅ «ሳል መጣ» ናት፤ የእናቴን ሳል ደግሞ ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም። ስድስት ዓመት የተቀመጠ መልስ በአንዲት «ጣ» ሊመለስ ይችል ነበር፤ ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን አላላችው። ዜማው እስኪጎድል ድረስ አላላችው፤ ደንቆሮ እንኳ በሌላ መንገድ እንዳይሰማው አድርጋ። ሁለተኛው ዙር ላይ ተቀባይ ያስፈልጋት ነበር። ወደ እናቴ ቦታ ዞር አለች፤ እዚያ የቆምሁት እኔ ነበርሁ። ስንኝ ፈለግሁ፤ የማይረባም ቢሆን። እዚያው በዚያው መፍጠርን ለሰው ሳስተምር የከረምሁ ሴት አንድ ቃል አጣሁ። የራሷን ስንኝ ሴቶቹ ተቀብለው ደገሙላት።

በሰልስቱ ቀን ሰው ሲቀል መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ያ አንድ እግሩ አጭር የሆነው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርን። ከዚያ መሬት መሬት እያየች ተናገረች።

«ቀብር ላይ ያን ስል አንድ ነገር ገባኝ። ቃሉን እኔ አላልቼ አወጣሁት፤ ግን የአንዳንዱን ሰው ፊት ሳየው ጠብቆ ነው የገባው። ከአፍ የወጣውና ጆሮ የገባው አንድ አይደለም ለካ። እሷም እንደዚያው ነበረች። አላልታው ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ በከንቱ በደልኋት፤ የአልጋዋን ደጃፍ ሳልረግጥ ቀበርኋት።» ዐይኗን አበሰች። «እንግዲህ ጆሮዬ ነው ጥፋተኛው ብዬ ልያዘው፣ ልጄ?»

ልጄ አለችኝ። ስድስት ዓመት ያልሰማኋት ቃል ናት።

አፌ ውስጥ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው የእናቴ አደራ ነው፤ ብናገረው መሐላዬን ሰበርሁ፣ ሟችንም ከመቃብር አውጥቼ አዋረድኋት፤ ግን ይህችን ሴት ከማታውቀው ጥፋት ነጻ አወጣኋት። ሌላው «አዎ» ነው፤ እሱ ደግሞ ውሸት ነው። ውሸቱን ጨርሼ ብዋሽ እንኳ ደግ ነበርሁ።

«እሺ» አልኋት።

አየችኝ። በዚህች ቃል ውስጥ የእሷን ያህል የኖረ ሰው የለም። ዐይኗን ከዐይኔ ሳታነሳ ቆየች፤ እየጠበቀች እንደሆነ ገባኝ። ያለ «ደግሞ» «እሺ» አይቆጠርም ብዬ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። አልጨመርሁም። ሲበቃት ተነሳች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ አጥቤ ያስቀመጥሁላትን ባዶ ፔርሙዝ ከጥግ አንስታ ወደ ቤቷ ሄደች።